ምላሱ የታሰረ ሕፃን

ሕፃናችሁ ጡት ይዞ ቶሎ ቶሎ ይለቃል? የእናቱስ የጡት ጫፍ ይቆስላል? «ወተትሽ አንሶ ነው» ብሎ የጣሳ ወተት የሚያስገዛ ጎረቤት አይጠፋም። ምናልባት ግን ምላሱን ከሥሩ የያዘችው ስስ ሥጋ አጥራ ይሆናል።

ቢሆንም ለማስቆረጥ አትቸኩሉ፤ ምላሳቸው የታሰረ ብዙ ሕፃናት ደህና ይጠባሉ። በቅድሚያ ጤና ባለሙያ ፊት ይጥባ። የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጥቁሩን ክፍል ጭምር መጉረስ አለበት። አያያዙ ተስተካክሎም ሕመሙ ካልቆመ ወይም ክብደቱ ካልጨመረ፣ የሠለጠነ ሐኪም ሥጋዋን ከጀርም በጸዳ መቀስ ይቆርጣታል፤ ሕፃኑም ወዲያው መጥባት ይችላል። የላይኛውን ከንፈር ከድድ ጋር የሚያያይዘው ሥጋ ግን የተፈጥሮ ነው፤ ለጡት ተብሎ አይነካ።

እንጥል ለሚቆርጡ ባለ ምላጮች ልጁን እንዳትሰጡ፤ ደም መፍሰስና መንጋጋ ቆልፍ ያስከትላል። ለምርመራ ስትመጡ ሕፃኑ ራብ ብሎት ይሁን፤ ጠግቦ የተኛ ልጅ አጠባቡን አያሳይም።