ወባ በሕፃን ደም ውስጥ ስለሚያደርገው ጥፋት

የደብረ ታቦርና የጋፋት አገር ደጋ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ወባን የቆላ በሽታ ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ከዚህ ወደ ምዕራብ የፎገራ ሜዳ ሩቅ አይደለም። ለሩዝ አጨዳ የወረደ ገበሬ፥ ልጅዋን አዝላ ዘመድ ጥየቃ የሄደች እናት፥ በሽታውን በደማቸው ይዘው ይመለሳሉ። የደጋ ሰውም ወባን አልለመደውምና ሕመሙ ይበረታበታል። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ወረርሽኝ ተነሥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፥ 150,000 ያህልም እንደ ሞተ ተገምቷል።

ወባ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ብርዱንና ትኩሳቱን ነው። ታናሹን ልጅ የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ ትኩሳቱ ሳይሆን በደሙ ውስጥ የተሠወረው ነገር ነው። ይህንንም መምህራንና ሽማግሎች ለወላጆች ታስረዱ ዘንድ ከመነሻው እንናገራለን።

ትንኟ ስትነክስ የምታስገባው ተውሳክ አስቀድሞ በጉበት ይራባል፤ ቀጥሎም ወደ ቀይ የደም ሕዋሳት ይገባል። በዚያም አየርን ከሳንባ ወደ ሰውነት የሚያደርሰውን ሄሞግሎቢን ይበላል። ብርቱ የሆነው ፋልሲፓረም የተባለው ዐይነት በ48 ሰዓት ያህል ሕዋሱን አፍርሶ ወደ ሌሎች ይተላለፋል። የልጁ መዳፍና የታችኛው የዐይን ቆብ ውስጥ ነጥቶ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው የስኳሩ ነገር ነው። ከእህልና ከወተት የተገኘ ስኳር በደም ውስጥ ይመላለሳል፤ አንጎልም ያለ እርሱ አይሠራም። ተውሳክ የገባበት ሕዋስ ግን ጤነኛው ከሚፈጀው ብዙ እጥፍ ስኳር ይፈጃል። የትልቅ ሰው ጉበት በቂ ቀለብ ያከማቻል፤ የሕፃን ጉበት ታናሽ ጎተራ ስለ ሆነ ታሞ ሳይበላ ያደረ እንደ ሆነ ባዶ ይሆናል። ስኳሩ በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ40 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ልጁ ይፈዛል፥ ላብ ያጠምቀዋል፥ ይንዘፈዘፋል፥ ራሱንም ይስታል። አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ ቡዳ በላው ይላል፤ የተበላስ ስኳሩ ነው።

ተውሳኩ ስኳርን የሚፈጀው ያለ አየር ስለ ሆነ ትርፉ አሲድ ነው። ይህም ወተትን ወደ እርጎ ለውጦ የሚያኮመጥጠው ያው ላክቲክ አሲድ ነው። ደግሞም የታመሙት ሕዋሳት ቀጫጭኑን የደም ሥር ይዘጋሉና የሰውነት ሥጋ ራሱ አየር አጥቶ አሲድ ይጨምራል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ባሠሩባት በጋፋት ይህን ማስረዳት አይቸግርም፤ ወናፍ ያልደረሰው ከሰል ይጨሳል እንጂ ደኅና አይነድም። ደሙ የኮመጠጠበት ልጅ አሲዱን በትንፋሹ ለማቃለል ሲታገል በጥልቅና በፍጥነት ይተነፍሳል። ሳል ሳይኖረው እንዲህ የሚተነፍስ ትኩሳታም ሕፃን ሌሊቱን በቤት ሊያድር አይገባውም።

ትኩሳት የያዘው ልጅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ከጣቱ ደም ይመርመር። ምርመራው የሚያስፈልገው ትኩሳት ሁሉ ወባ ስላልሆነ ነው፤ በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ካላዛር በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ ወባ መስሎ ነበር። የበረታበትን ልጅ ሐኪሞች አርቴሱኔት በመርፌ ይሰጡታል፤ ስኳሩ የወረደ እንደ ሆነ በደም ሥሩ ስኳር ያገቡለታል፥ ደሙም እጅግ ካነሰ ደም ይጨምሩለታል።

እስከዚያ ድረስ ልጁ አይጹም። የሚጠባ ከሆነ እናቱ ቶሎ ቶሎ ታጥባው፤ ከፍ ያለውም መዋጥ ከቻለ አጥሚትና ስኳር የገባበት ንጹሕ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው። ራሱን ለሳተ ልጅ ግን ወተትም ውሃም በአፉ አይፍሰስ፥ ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋልና። እንዲህ ያለውን ልጅ በጎኑ አስተኝተው፥ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥቂት ጠብታ ውሃ አርሰው ከምላሱ በታች ያኑሩለት፤ ሲሟሟም እየጨመሩ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መንገዳቸውን ይቀጥሉ።