ቦብስሌይ፡ ከመንደር ጨዋታ እስከ ኦሎምፒክ



ቦብስሌይ አንድ፣ ሁለት ወይም አራት ሰዎች በመንሸራተቻ ተቀምጠው በበረዶ መንገድ ቁልቁል የሚወዳደሩበት ስፖርት ነው። መንሸራተቻው ጎማም ሞተርም የለውም። ተወዳዳሪዎቹ ገፍተው ይዘሉበታል፤ ከዚያ ወደ ታች የሚወስደው የመሬት ስበት ነው። የፊተኛው መሪ ይይዛል፣ የኋለኛው ፍሬን።

የተጀመረው በስዊዘርላንድ፣ ሴንት ሞሪትዝ በምትባል የተራራ መንደር ነው። የሚገርመው ሴንት ሞሪትዝና ባሕር ዳር ከፍታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም 1,800 ሜትር ገደማ ናቸው። ታዲያ እኛ ጋ በረዶ ለምን አይከመርም? ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ነው። እኛ የምናውቀው በረዶ ከዝናብ ጋር ወርዶ በቆሎ የሚመታውን ነው፤ የነሱ ግን ለወራት ይቆያል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የሆቴል እንግዶች በመንደሩ መንገድ ላይ መንሸራተት ጀመሩ። ግን እግረኛ እየገጩ አስቸገሩ። የሆቴሉ ባለቤት ካስፓር ባድሩት ታዲያ ለብቻው መንሸራተቻ መንገድ አሠራላቸው። ቆይቶም ሁለት መንሸራተቻዎችን በሳንቃ አያይዘው መሪ ገጠሙለት፤ ቦብስሌይ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1897 የመጀመሪያው ክበብ ተቋቋመ፤ በ1904 ቦብስሌይ የራሱን መንገድ አገኘ። በ1924 በፈረንሳይ ሻሞኒ ኦሎምፒክ ገባ፤ ያሸነፈችውም ስዊዘርላንድ ነበረች። የሁለት ሰው ውድድር የተጨመረው በ1932 በአሜሪካ ሌክ ፕላሲድ ነው።

ሌክ ፕላሲድን አስታውሷት! አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በልጅነቱ አሜሪካ ሄዶ በበረዶ ላይ በስኪ መሮጥ የተማረው እዚያ ነው። በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) በጣሊያን ቱሪን፣ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ብቻውን ባንዲራችንን ይዞ ገባ። ሜዳሊያ ባያገኝም በ2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር ላይ ደግሞ ተመለሰ።

እዚህ ዘንዘልማም በኩሽኔታ የተሠራ የእንጨት ጋሪ እየነዱ ወደ ጎንደሩ አስፋልት የሚወርዱ ልጆች አሉ። ጎበዞች ናቸው፤ መኪና ግን አይምርም። ስለዚህ መምህራኖቻችን፣ ከአስፋልት የራቀ አንድ ተዳፋት ቢከለልልን ምን ይመስላችኋል? ሕግ ማውጣቱንና ሰዓት መያዙን እኛ እንችላለን።

ጥያቄ፦ በቦብስሌይ ፍሬን የሚይዘው የት የተቀመጠው ነው? መልሱን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አምጡ።