የሹራብ ጌጥ ስሞችና እውነተኛው ታሪካቸው

ከአየርላንድ አገር በስተ ምዕራብ፥ በጎልዌይ ወሽመጥ አፍ፥ አራን የሚባሉ ሦስት ትንንሽ ደሴቶች አሉ። ምድራቸው ዐለት ነው፤ አፈሩም ጥቂት ነው። የቀድሞ ሰዎች ከባሕር ዳር አሸዋና የባሕር ሣር በጀርባቸው እየተሸከሙ በዐለቱ ላይ አነጠፉ፤ እንዲህም አድርገው ድንች የሚበቅልበትን እርሻ በገዛ እጃቸው ሠሩ። ወንዶቹ በቀጭን እንጨት በተሠራ፥ ቅጥራን የተቀባ ሸራ በለበሰ ታንኳ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ባሕሩ ኀይለኛ ነውና ሄዶ የቀረው ሰው ብዙ ነው።

ሴቶቹም የበግ ጠጕር እየፈተሉ ሹራብ ይሠሩ ነበር። ሹራብ የሸማኔ ዕቃ አይፈልግም፤ ረጃጅም መርፌዎች ይበቁታል። ክሩ በመርፌው ላይ ቀለበት ይሆናል፤ በዚያም ቀለበት ውስጥ ሌላ ቀለበት ይሳባል፤ እንዲሁ እየተያያዘ ልብስ ይሆናል። ቀለበቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲወጣ፥ ወይም አንዱ በሌላው ላይ ሲሻገር፥ ልዩ ልዩ ጌጥ ይታያል። ጌጡም ሁሉ ስም ስም አለው።

አንደኛው ገመድ ይባላል። ሠሪዋ ጥቂት ቀለበቶችን በአጭር መርፌ ለይታ ታቆያለች፤ ቀጥለው ያሉትንም አስቀድማ ትሠራለች፤ ከዚያ በኋላ ወዳቆየቻቸው ትመለሳለች። ቀለበቶቹ ሲሻገሩ እንደ ተገመደ ገመድ ይመስላሉ፤ ሰዎችም ስለዚህ የዓሣ አጥማጁን ገመድ ያስባሉ።

ሁለተኛው የማር እንጀራ ነው። ብዙ ገመዶች አንድ ጊዜ ሲቀራረቡ አንድ ጊዜ ሲራራቁ፥ በመካከላቸው ንብ እንደ ሠራችው ያለ ቤት ይወጣል። በዚህም ትጋትን ያስታውሳሉ። ሦስተኛው አልማዝ ነው፤ በድንጋይ ካብ የታጠሩትን የደሴቶቹን ትንንሽ እርሻዎች ይመስላል ይላሉ። አራተኛው ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ አንዳንዶቹ የገደሉን ዳር መንገድ፥ ሌሎቹ የትዳርን ደስታና መከራ ያዩበታል።

አምስተኛው ሥላሴ ይባላል። ሠሪዋ ከአንዱ ቀለበት ሦስት ታወጣለች፤ ከዚያም ሦስቱን በአንድነት ትይዝና አንድ ታደርጋቸዋለች። ነገር ግን ሥራው ሲፈጸም ክብ ክብ ፍሬ ስለሚመስል፥ ይህንኑ ጌጥ እንጆሪ የሚሉትም አሉ። አሠራሩን ያየ ሥላሴ አለው፤ መልኩን ያየ እንጆሪ አለው። ሁለቱም አልዋሹም፤ ምሳሌ ሰጡ እንጂ።

ዳሩ ግን ከነዚህ ስሞች ጋራ አንድ የሚያሳዝን ተረት በዓለም ሁሉ ተሰማ። ተረቱ እንዲህ ይላል፦ «በአራን እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የራሱ የሹራብ ጌጥ ነበረው፤ ባሕር የበላው ሰው ሬሳው ሲገኝ፥ የማን ልጅ እንደ ሆነ በሹራቡ ይታወቅ ነበር።» የሰማው ሁሉ አዘነ፤ አመነም። ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ግን እንዲህ ያለ የቤተ ሰብ ምልክት አላገኙም።

ታዲያ ወሬው ከወዴት መጣ? ጆን ሲንጅ የተባለ የአየርላንድ ደራሲ የደሴቶቹን ሰዎች ኑሮ ተመልክቶ ነበርና፥ «ወደ ባሕር ጋላቢዎች» የተባለ ትያትር ጻፈ፤ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1904 ዓ.ም. በደብሊን ከተማ ታየ። በትያትሩ ውስጥ አንዲት ልጅ ከሰጠመ ሰው እግር የወጣውን ሹራብ ካልሲ ተቀብላ ቀለበቶቹን ትቈጥራለች፤ የወንድምዋም እንደ ሆነ ታውቃለች። ያወቀችው ግን ራስዋ ስለ ሠራችውና ቍጥሩን ስለምታስታውሰው ነው እንጂ፥ የቤተ ሰብ ጌጥ ስለ ነበረበት አይደለም። ኋላ ሰው ከሰው ሲቀባበለው ነገሩ ሌላ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ሃይንስ ኪቨ የተባለ ነጋዴ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጌጡ እጅግ ጥንታዊ እንደ ሆነ ጻፈ።

እውነቱ ይህ ነው። በደሴቶቹ ይህ የሹራብ ሥራ የተስፋፋው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው። አገሩ ድኻ ስለ ነበረ መንግሥት በ1891 ዓ.ም. የምዕራብ አየርላንድን ድኾች የሚረዳ ቦርድ አቋቋመ፤ ቦርዱም የእጅ ሥራን አበረታታ። በ1930 ዓ.ም. ሙሪየል ጋሃን የተባለች ሴት በደብሊን ሱቅ ከፈተች፤ የደሴቶቹንም ሴቶች ሹራብ እየገዛች ትሸጥላቸው ነበር። ሴቶቹ ጌጡን ከጎረቤት ልብስ በዓይናቸው ይቀዱ ነበር፤ ከራሳቸውም ይጨምሩበት ነበር። ለልጆቻቸው እንጀራ የገባው በዚህ ሥራ ነው።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ አስተውሉ። ጌጡን ገመድ ወይም የማር እንጀራ ማለት መልካም ነው፤ ስሙ ሥራውን ለማስታወስ ይረዳልና። ምሳሌውን ታሪክ ነው ብሎ መናገር ግን ሐሰት ነው። ሐሰቱም ጉዳት አለው። ጌጡ ሁሉ ከጥንት የመጣ ነው ሲባል፥ በጨለማ መብራት ዓይናቸውን አድክመው፥ በልባቸው አስበው የሠሩት ሴቶች ይረሳሉ። የሠራተኛ ሁለተኛው ደመወዝ ሥራው በስሙ መጠራቱ ነው። ደስ የሚል ወሬ በሰማችሁ ጊዜ «ማን አየው? ከወዴት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። አባቶች «እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል» ብለዋልና።

ጥያቄ።
፩ ስለ ምን አንዱ ጌጥ ሁለት ስም አገኘ?
፪ በትያትሩ ውስጥ ያለችው ልጅ የወንድምዋን ካልሲ በምን አወቀች?
፫ ሐሰተኛው ተረት የሚጎዳው ማንን ነው?