በጣና ደሴት የአንድ ቀን ውሎ

በጎፋ የሚያድግ ልጅ ብዙ ጊዜ ከክረምት ጎርፍና ከወንዝ በቀር ሌላ ውሃ ሳያይ ይኖራል። ስለዚህ «ደሴት ምንድር ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ «በውሃ የተከበበ ምድር ነው» ብሎ ቃሉን ይመልሳል እንጂ ነገሩ በልቡ አይሣልበትም። አስተማሪው ልጆቹን በአሳብ ከባሕር ዳር በጀልባ አሣፍሮ ወደ ደጋ እስጢፋኖስ ይውሰዳቸው።

ጉዞው የሚጀመረው በማለዳ ነው። የጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ጥልቀቱ በጥልቁ ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም፤ ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ ከቀትር በኋላ በሚነሣው ነፋስ ፈጥኖ ይታወካል። በመንገድ ላይ ከደንገል የታሠረ ታንኳ ይታያል። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ ወደ ምድር እያወጣ በፀሐይ ያደርቀዋል፤ እንዲህም ተጠብቆ ዕድሜው አጭር ነው።

ደጋ ከጥንት እሳተ ገሞራ የተገኘ ሾጣጣ ኮረብታ ነው። በጫፉ ካለው ገዳም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ይገኛል፤ የፊተኛው በ1460፥ የኋለኛው በ1660 ዓ.ም. ያረፉ ነገሥታት ናቸው። በጦርነት ዘመን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ ይሸሹ ነበር፤ ውሃው እንደ ቅጥር ሆኖ ይጠብቃቸው ነበርና። ሴቶች በገዳሙ ሥርዓት ወደ ደጋ አይወጡም። እነርሱ በአጠገቡ በደቅ ደሴት ያለውን ናርጋ ሥላሴን ይጐበኛሉ፤ ይህን ውብ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ሴት መሆናቸውን አስተማሪው ሳይናገር አይለፍ።

በመመለሻው ጊዜ ግን ነገሩ ይከብዳል። ከጦር ያዳነውን ውሃ ዛሬ አረም ያስጨንቀዋል። እምቦጭ የተባለው ይህ አረም መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፥ በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ ታየ። ሲመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል፤ የዓሣ መረብ ያስራል፤ ለውሃው ብርሃን ይከለክላል። ገበሬዎች ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለውታል፤ በ2013 ዓ.ም.ም ትልቅ ዘመቻ ተደርጎበታል። ይሁን እንጂ ዘሩ በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ስለሚቆይ አንድ ጊዜ መንቀል አይበቃም። አበባው ሐምራዊና ያማረ ነው፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፥ ልጅ ወድዶ ወደ ሌላ ውሃ ይወስደዋልና።

ሽማግሌዎችም ነገሩን የሩቅ አገር ወሬ አያድርጉት። እምቦጭ ከጣና አስቀድሞ በ1950ዎቹ ዓመታት በቆቃና በአዋሽ ታይቷል፤ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ባለው በአባ ሳሙኤል ግድብም ይገኛል። የከተማው ወንዞች ወደ አቃቂ ወርደው ወደዚያ ይገባሉ፤ እምቦጭም የሚወፍረው ሰው ወደ ወንዝ በሚጥለው ቆሻሻ ነው። እንግዲህ ተማሪዎቹ ከጣና ከተመለሱ በኋላ በማግሥቱ በሠፈራቸው ወዳለው ወንዝ ወርደው፥ ውሃው ምን ተሸክሞ እንደሚያልፍ ቆመው ይመልከቱ።