ስም ያለውን ዘር ድንች ለይቶ ማወቅና ዋጋውን መመዘን
በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አካባቢ ለሚገኙ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት

ስንዴና ጤፍ በዘራቸው ይራባሉ፤ ድንች ግን የሚራባው ከመሬት በታች ያፈራውን ድንች መልሶ በመትከል ነው። በዚህ ምክንያት ጉደኔ ወይም በለጠ የሚባለው ድንች በየትም ቦታ ቢገኝ የአንድ እናት ተክል ክፋይ በመሆኑ የእናቱን ጠባይ ሁሉ ይዞ ይሄዳል። እናቱ የታመመች እንደ ሆነም በሽታዋን ይወርሳል። ገበሬው ለስሙ ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ሲከፍል የሚገዛው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ትክክለኛ ዝርያና ጤነኛ እናት። በገበያ ላይ ግን ስሙ የታሰረው ከጆንያው ጋር እንጂ ከድንቹ ጋር አይደለም።

ከቡራዩ በአምቦ መንገድ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ድንችን ለረጅም ዘመን ሲያጠና ቆይቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መናገሻ በ1993፣ ወጨጫ በ1997፣ ጃለኔ በ2002፣ ጉደኔ በ2006፣ በለጠ በ2009 ዓ.ም. ለገበሬው ተለቀዋል። ወጨጫ ከሰበታ በላይ የሚታየው ተራራ ስም ሲሆን፣ ጃለኔ በኦሮምኛ «ወደድን»፣ ጉደኔ ደግሞ «አደግን» ማለት ነው። ከስሙ በስተኋላ የምርምር ቁጥር አለ። ለምሳሌ ጉደኔ 386423.13፣ በለጠ 393371.58 ናቸው፤ ቁጥሩ የመጣው ፔሩ ውስጥ ሊማ ከተማ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ነው። የዘር ምስክር ወረቀት ሲቀርብ ስሙ ብቻ ሳይሆን ይህ ቁጥርም መጻፍ ይገባዋል። «ነጭ አበባ» እና «ቀይ አበባ» የሚሉት የገበሬ ስሞች ግን ለመለያ አይበቁም፤ አበባው ነጭ የሆነ ድንች ብዙ ነውና በሁለት ወረዳ በአንድ ስም የሚጠራው ድንች አንድ ላይሆን ይችላል።

ዝርያን በጆንያ ውስጥ ስለ መለየት

ብዙ ሰው የሚያየው የልጣጩን ቀለም ነው። ይህ አይበቃም፤ አፈሩና የማከማቻው ሁኔታ ልጣጩን ይለውጡታልና። የዐይኖቹን ጥልቀት፣ የድንቹን ቅርጽ፣ ሲቆረጥ የሚታየውን የውስጥ ቀለም አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው ምልክት ጉንቁሉ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ ነገር ግን ብርሃን የሚገባበት የዘር ድንች ማከማቻ ውስጥ በመደርደሪያ ላይ ሳስቶ የተዘረጋ ድንች አጭርና ወፍራም ጉንቁል ያወጣል። የጉንቁሉ ሥር ክብ ወይም ሾጣጣ፣ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ፣ ፀጉሩ ብዙ ወይም ጥቂት መሆኑ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። በጨለማ ያጎነቆለ ድንች ግን ጉንቁሉ ነጭና ረጅም ስለሚሆን ምንም አይናገርም።

በውጭ አገር የባሕር ኮራል በመስታወት ገንዳ የሚያሳድጉ ሰዎች ስም የወጣለትን ቁራጭ በውድ ዋጋ ይገዛሉ። ኮራሉም በመብራቱ ዓይነት መልኩን ስለሚለውጥ አዋቂው ገዥ ከቀለሙ ይልቅ ከየትኛው እናት እንደ ተቆረጠ ይጠይቃል። የድንቹም ነገር እንዲሁ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ከታመነ ምንጭ ያገኘውን ከየዝርያው 10 ድንች ስሙን ጽፎ በመደርደሪያ ላይ ያኑር፤ አዲስ የመጣውም ዘር በዚያው ብርሃን አጎንቁሎ ከእርሱ ጋር ይነጻጸር። ከአንድ ጆንያ ሁለት ዓይነት ጉንቁል ከወጣ ዘሩ ድብልቅ ነው።

ስለ ጤንነቱ

ከስሙ ይልቅ አደገኛው ይህ ነው። የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ የያዘው ድንች ሲቆረጥ ከልጣጩ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ይታይበታል፤ ሲጨመቅ ነጣ ያለ ፈሳሽ ያወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም አፈር በዐይኖቹ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ሆኖም ምንም ምልክት ሳያሳይ በሽታውን የሚሸከም ድንች አለ። በተለይ እንደ ሱሉልታ ባለ ብርዳማ ደጋ ተክሉ ሳይጠወልግ ሊሰበሰብ ይችላል፤ ያው ዘር ወደ ሞቃት ቦታ ወርዶ ሲተከል በሽታው ይገለጣል። ደጋ ክሽክሽ ስለሚቀንስበት ከቫይረስ ለጸዳ ዘር ጥሩ አገር ነው፤ «ከደጋ የመጣ ነው» የሚለው ቃል ግን ለአጠውልግ ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ዘሩን ከመሰብሰቡ በፊት በማሳው ላይ ማየት አለበት። የጠወለገ ተክል ሲገኝ ከግንዱ ሥር አጭር ቁራጭ ተቆርጦ፣ ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ሳይነቃነቅ ይንጠለጠል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ ወተት የነጣ ክር ወደ ታች ከወረደ ከዚያ ማሳ ዘር አይወሰድም። በሽታው በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከተማው እየሰፋ መሬቱ በጠበበበት አካባቢ፣ ግማሽ ገመድ ያለው ገበሬ በአንድ ጆንያ ምክንያት ድንቹን ብቻ ሳይሆን ቲማቲምና ቃሪያ የሚተክልበትንም ቦታ ያጣል።

ስለ ዋጋው

ነጋዴው በኩንታል ይሸጣል፤ ገበሬው ግን የሚተክለው በቁጥር ነው። በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ለአንድ ሄክታር 44,000 ያህል ድንች ያስፈልጋል። አንዱ ድንች 50 ግራም ቢመዝን ኩንታሉ 2,000 ድንች ይይዛል፤ 450 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 100 ግራም ቢመዝን ግን የሚሸፍነው 225 ብቻ ነው። ትልቁ ድንች ብዙ ግንድ ቢያወጣም የዘሩን ወጪ እጥፍ የሚመልስ አይደለም። የእንቁላል መጠን ያለው ዘር በኩንታል ቢወደድም ብዙ ጊዜ ርካሹ እርሱ ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ከምርምር ማዕከል ከወጣ ስንት ጊዜ ተተከለ የሚለው ነው። በየወቅቱ ቫይረስ እየተጠራቀመ ምርቱ ስለሚቀንስ፣ ሁለት ጊዜ የተተከለ በለጠና ስምንት ጊዜ የተተከለ በለጠ ስማቸው አንድ ቢሆንም ዋጋቸው አንድ መሆን የለበትም። ሻጩ ይህን መመለስ ካልቻለ በእኛ አስተያየት ከምግብ ድንች ዋጋ በላይ አይከፈለውም፤ ለዘርነትም አይወሰድም።

ማኅበሩ ዘር ሲረከብ የሻጩን ስም፣ ማሳው ያለበትን ቀበሌ፣ የዝርያውን ቁጥርና የተተከለበትን ጊዜ ብዛት በመዝገብ ይጻፍ። ከየጭነቱም 20 ድንች አንሥቶ ምልክት አድርጎ ለብቻው በተከለለ መደብ ይትከል፤ የመደቡ ድንች ለዘር አይውልም። አበባ ሲያወጣ ሻጩና ገዥው አብረው መጥተው ያዩታል።