የአእምሮ ሕመምተኛ የሚያስታምመውን ቤተሰብ ማን ያስተምረው?



ለልጃቸው ሃሎፔሪዶል ይወስዱ የነበሩ አንዲት እናት ሁለት ወር ጠፉብኝ። ሲመለሱ የልጁ ሕመም አገርሽቶ ነበር። «ልጄ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ሰውነቱ ደረቀብኝ፤ መድኃኒቱ ሊገድለው ነው ብዬ አስቆምኩት» አሉኝ። ይህ የመድኃኒቱ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ሐኪሙ መጠኑን በመቀነስ፣ መድኃኒቱን በመለወጥ ወይም ሌላ ክኒን በመጨመር ሊያስተካክለው ይችላል። ግን ለእሳቸው ማን ነገራቸው? እኔ ራሴ በየወሩ ስሰጣቸው «ጧትና ማታ» ከማለት አላለፍኩም።

ለዚህ ክፍተት የተዘጋጀ ዘዴ አለ፤ በርካታ ቤተሰቦች በአንድነት የሚካፈሉበት የቡድን ሕክምና ነው። ስኪዞፍሬኒያን ለመሰሉ ከባድ ሕመሞች አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ዊልያም ማክፋርሌን ባዳበሩት አሠራር፣ ባለሙያዎቹ መጀመሪያ እያንዳንዱን ቤተሰብ ለብቻው ያነጋግራሉ። ቀጥሎ ስለ ሕመሙና ስለ መድኃኒቱ የሚያስተምሩበት አንድ ቀን ይመደባል። ከዚያ ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ቤተሰቦች ከሕመምተኞቻቸው ጋር በየሁለት ሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጣሉ። ሁለት ባለሙያዎች ይመሯቸዋል።

ወጉ የሚጀመረው በበሽታ አይደለም፤ በሥራ፣ በልጆችና በሰፈር ወሬ ነው። (ቡና ቢፈላበት የኛው ነገር አይደል?) ቀጥሎ ሁሉም የሰነበተበትን ይናገራል፤ አንድ ችግር ይመረጣል። «ክኒኑን አልውጥም አለ» ሊሆን ይችላል። ሕመምተኞቹም ጭምር የመሰላቸውን መፍትሔ ያዋጣሉ፤ ጥቅሙና ጉዳቱ ይመዘናል፤ ባለ ጉዳዩ ቤተሰብ የሚሆነውን ይመርጣል። በሚቀጥለው ስብሰባ «እንዴት ሆነ?» ተብሎ ይጠየቃል። «የኔም ልጅ እንዲሁ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ለሐኪሙ ነግሬ ተሻለው» የምትል እናት ቃል ከኔ ምክር ይልቅ ልብ ውስጥ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ የኒውዮርክ ጥናት 172 ሕመምተኞች ተካፍለዋል። ሁሉም መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ቤተሰባቸው ለብቻው ከተማረላቸው ውስጥ በሁለት ዓመት 27 በመቶው ሲያገረሽባቸው፣ በቡድን ከተማሩት ግን 16 በመቶው ብቻ ናቸው። በአገራችንም በሶዶ ወረዳ የቤት ለቤት ክትትልንና የቤተሰብ መረዳጃ ቡድንን ከጤና ጣቢያ ሕክምና ጋር ያጣመረ ሥራ ተሞክሯል። አሠራሩ ከማክፋርሌን የተለየ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የእነዚህ ሕመምተኞች የዕለት ተዕለት ኑሮ ተሻሽሏል።

ታዲያ ለምን አይሠራበትም? ያነጋገርኳቸው ጥቂት የሳይካትሪ ነርሶች ስለ ዘዴው ሰምተዋል፤ እንዴት እንደሚመራ የሠለጠነ ግን አላገኘሁም። በር ላይ የተሰለፈው ሰው ብዛት ጊዜ አይሰጥም ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ለስድስት ቤተሰብ ስድስት ጊዜ የሚነገረው በዚህ ዘዴ አንድ ጊዜ ይነገራል።

ቁርኣን የምታስቀሩለት ሕመምተኛ ካለ ቀጥሉ፤ መድኃኒቱን ግን በዚያ ምክንያት አታቋርጡ። ረመዷን ከመግባቱ በፊትም ክኒኑን ወደ ሱሁርና ኢፍጣር ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሕመምተኛው ከፈቀደ፣ በቤት ክኒኑን የሚሰጠው ሰው አብሮት ይግባ። ባለሙያውንም «እንደኛ ያሉትን ቤተሰቦች በአንድ ቀን ቀጥራችሁ ብታስተምሩንስ?» በሉት። ዘዴውን ካላወቀው ይህን ገጽ አሳዩት።