የሒሳብ ትምህርት፦ «ስንት ከመቶ?» ሲባል «ከምኑ?» እንበል



ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ በኪሪንያጋ መንገድና በካሙኩንጂ አካባቢ፣ ጁዋ ካሊ የሚባሉት የብረት ሠራተኞች ሲቀጠቅጡና ሲበይዱ ይውላሉ። ጁዋ ካሊ በስዋሂሊ «የሚያቃጥል ፀሐይ» ማለት ነው፤ ሥራው ደጅ ላይ ስለሚሠራ የተሰጠ ስም ነው። ከወገኖቻችንም በካምፕ ብየዳ ተምረው ወደ ከተማው ለሥራ የሚሄዱ አሉ። ከእነሱ አንዱ በቱቦ ሥራ ላይ ሳለ «ከሥራህ 15 በመቶው ተበላሽቷል» ተብሎ ተሰናበተ። «15 በመቶ ከምኑ?» ብለን ብንጠይቀው መልስ አልነበረውም። እኛ የሒሳብ እንጂ የብየዳ አስተማሪዎች አይደለንም። ሆኖም የሙያውን ሰዎች ጠይቀን ይህን ትምህርት አዘጋጅተናል።

1. በመጋጠሚያ መቁጠር

የተበየደ መጋጠሚያ በራጅ ይታያል። ጉድለት የተገኘበት ቦታ ተፍቆ እንደገና ይበየዳል፤ ይህም ጥገና ይባላል። ስሌቱ የሚከተለው ነው፦

የተጠገኑ መጋጠሚያዎች ÷ በራጅ የታዩ መጋጠሚያዎች × 100

ወጣቱ 40 መጋጠሚያ በየደ፤ ሁሉም ታዩ፤ 6ቱ ተጠገኑ። 6 ÷ 40 × 100 = 15 በመቶ። ስለዚህ አለቃው አልዋሸም።

2. በርዝመት መቁጠር

ቱቦው ባለ 14 ኢንች ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ ነዳጅ ማስተላለፍ የጀመረው የ450 ኪሎ ሜትር መስመርም በዚሁ ስፋት የተሠራ ነው። የውጭ ዲያሜትሩ 355.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዙሪያው 355.6 × 3.14 = 1,117 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። የ40ው መጋጠሚያ ብየዳ ሲደመር 44,680 ሚሊ ሜትር ነው። በ6ቱ ላይ ተፍቆ የተበየደው እያንዳንዳቸው 50፣ በድምሩ 300 ሚሊ ሜትር ነበር። 300 ÷ 44,680 × 100 = 0.67 በመቶ።

ያው ሥራ በአንዱ 15፣ በሌላው ከ1 በታች ሆነ! ሁለቱም ስሌቶች ትክክል ናቸው። ስህተቱ የአንዱን ሠራተኛ በመጋጠሚያ፣ የሌላውን በርዝመት ቆጥሮ ማወዳደር ነው። ስለሆነም ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በየትኛው እንደሚቆጠር ጠይቁ።

ጥንቃቄ፦ 50 መጋጠሚያ ተበይዶ 5 ብቻ በራጅ ቢታይና 1 ቢበላሽ፣ መጠኑ 20 በመቶ እንጂ 2 በመቶ አይደለም። ያልታየው 45 ደኅና ነው ብለን አንቆጥርም። ደግሞም 5 መጋጠሚያ ብቻ አይቶ በበያጅ ላይ መፍረድ ችኮላ ነው።

መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ጉድለት አይናቅም። መስከረም 12 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. በናይሮቢ ሲናይ ሰፈር ከማስተላለፊያ መስመር የፈሰሰ ነዳጅ ተቀጣጥሎ መቶ ያህል ሰው ሞቷል። ይህን የምናነሳው ብየዳን ለመክሰስ ሳይሆን፣ ቱቦ ሲያፈስ የሚጎዳው ጎረቤት መሆኑን ለማስታወስ ነው።

3. ሙቀትና ሰዓት

የተበየደ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ በውስጡም ውጥረት ይቀራል። ወፍራም ቱቦ ሊሰነጠቅ ስለሚችል እንደገና ይሞቅና ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በትኩስ ብየዳ ላይ ውሃ አታፍስሱ። በአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የቱቦ ደንብ መሠረት ተራ የካርቦን ብረት የሚሞቀው ከ595 እስከ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የተለመደው የቆይታ ልክ ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት 1 ሰዓት፣ ማለትም ለ1 ሚሊ ሜትር 2.4 ደቂቃ ነው። ቀጭን ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ይህ አያስፈልገውም፤ የሚወስነው የሥራው ሰነድ ነው።

ምሳሌ፦ ውፍረቱ 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን 30 × 2.4 = 72 ደቂቃ ይቆያል። ሰነዱ ከ300 እስከ 620 ዲግሪ በሰዓት 200 ዲግሪ ውጡ፣ በዚያው ልክ ውረዱ ቢል፣ መውጫው 320 ÷ 200 = 1.6 ሰዓት፣ ማለትም 96 ደቂቃ ነው። መውረጃውም እንዲሁ። 96 + 72 + 96 = 264 ደቂቃ፣ ይኸውም 4 ሰዓት ከ24 ደቂቃ። ከዚህ በኋላ ጉድለት ተገኝቶ ቢጠገን ብዙውን ጊዜ ሙቀቱ ከመጀመሪያው ይደገማል። ስለዚህ መጀመሪያ ራጅ፣ ከዚያ ጥገና፣ ከዚያ ሙቀት። አንዳንዱ ብረት ከሙቀቱ በኋላም ዳግመኛ ይፈተሻል።

ወጣቱ ወገናችን የራሱን ሥራ የጻፈበት ደብተር ቢኖረው ኖሮ የሚከራከርበት ነገር ባገኘ ነበር። ስለዚህ ቀኑን፣ የመጋጠሚያውን ቁጥር፣ የራጁን ውጤትና የተጠገነውን ርዝመት በየዕለቱ ጻፉ።

መልመጃ
ሀ. 60 መጋጠሚያ ተበይዶ 25ቱ በራጅ ታዩ፤ 2ቱ ተጠገኑ። የጥገናው መጠን ስንት በመቶ ነው?
ለ. 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦ በሙቀት ስንት ጊዜ ይቆያል?

መልስ፦ ሀ. 8 በመቶ፤ ለ. 96 ደቂቃ፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ።